መካከለኛው ዓመት

አዛናው እባላለሁ፤ የአንገረብ ግድብ በር ጠባቂ።
ሃያ ሁለት ክረምት "ውሃ ለኪ፣ ውሃ አዋቂ"
እያሉኝ ኖርሁ እንጂ፣ እኔስ ብዙም አላውቅ፤
ወንዝ ይለካል እንጂ አይታወቅ፣ ሲሞላም ሲደርቅ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ከሰኔና ሰኞ ወሬ ጋር፣
ኢንጂነር ትርሲት መጣች፣ ኮምፒዩተሯን አዝላ ወደ በር።
"ቀመሩ ወጣ" አለችኝ፣ "የሠላሳ ዓመት ዝናብ ደምሬ፣
አካፍዬ ያገኘሁት፣ ይኸው የድካሜ ፍሬ፤
ይህን ያህል ለማራኪ፣ ይህን ያህል ለአዘዞ፣
ጠብታ ሳትባክን ይደርሳል፣ ክረምቱ እስኪመጣ ተጉዞ።"

አየሁት። ውብ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣
እንደ ሸማኔ ድር ከጫፍ ጫፍ የተስተካከለ።
ግን ጠየቅኋት፦ "ልጄ፣ ይህ መካከለኛ ዓመት፣
መቼ ነው የመጣው? በማን ዘመን? በየት?
እኔ ያየሁት ሁሉ ወይ ጎርፍ ነው ወይ ድርቅ፣
ወይ ሐምሌን ዘሎ ነሐሴ ላይ የሚወድቅ፤
አማካዩ ሰውዬ በዚህ ደጅ አላለፈም፣
ቢያልፍ አውቀው ነበር፤ መዝገቤ ላይ አልተጻፈም።"

ወረድን። ዘንጌን ሰደድሁ፤ ሦስት ክንድ ሳይሞላ ቆመ።
"ከሥር ያለው ደለል ነው፤ ስንት እንደሆነ ማን ገመገመ?
ካርታው ጥልቅ ነው ይላል፣ ዘንጉ ግን አይልም፤ የቱን ታምኛለሽ?
አለማወቅሽስ ስንት ክንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ሌሊቱን በጥበቃ ቤት ገበጣ ዘረጋች በወረቀት፣
ክረምትን ከማዶ አስቀምጣ፣ ሊበላት የመጣ ጠላት፤
እሷ አንድ ጠጠር ስታነሳ፣ እሱ የሚብሰውን ሲመርጥ፣
"የከፋው ይምጣ" ትላለች፣ "የቱ ነው ከሁሉ ያነሰ የሚያስደነግጥ?"
ግን ደግሞ ክፉን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር ቢሰጉ፣
ግድብ ሞልቶ መጠማት ነው የፈሪ ሰው ወጉ።
ስለዚህ አጥር ሠራች፦ "ከዚህ እስከዚህ እፈራለሁ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእግዜር እተወዋለሁ።
ተወስኖም አይቀርም፤ በየአሥር ቀኑ ዘንግ ይግባ፣
በሩ ዘንጉን ይስማ፤ ሲጎድል ይክሳ፣ ሲሞላ ይስባ።"

ሰኔ ፈረቃው ወጣ፤ በአራት ቀን አንዴ ለሠፈር።
ስድብ ጠጣን። የአራዳዋ አንጓች፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድራ በበር፣
"ውሃ ቢጠፋም ስስት ሞልቷል፣ እናንተ ቤት" ስትል፣
ትርሲት አንገቷን ደፋች፤ ምን ብላ ታስተባብል?

ሐምሌ ገባ። ዘነበ። ነሐሴም አላሳፈረ፤
ግድቡ እስካፉ ሞላ፤ በማስተንፈሻው ፎከረ።
የፈራነው አልመጣም። ያ የቆጠብነው ሁሉ
ወደ ደምቢያ ወረደ፣ ከነአረፋው፣ በሙሉ።
"እዩአቸው!" አለ ሰው፣ "ለጎርፍ ሊያበሉት
እኛን አስጠምተው ሰኔን ሙሉ ቆለፉት።"

ምን ይባላል? ያልደረሰ ጥፋት ምስክር የለው፣
ያልደረቀን ቧንቧ ማን ችሎት ያቁመው?
ያን የነገሥታት ቅጥር ያን ያህል ያወፈረ ግንበኛ፣
"ምነው ኖራ አባከንህ?" ብሎት ይሆናል አንድ ምቀኛ።
የሁለቱም ስም ጠፍቷል። ቅጥሩ ቆሟል።
ምናልባት ምቀኛው ልክ ነበር፤ ግማሹም ይበቃ ይሆናል፤
ማን አፍርሶ ይሞክራል?

መስከረም ላይ መጣች። "ተሳሳትን ወይ አዛናው?" አለች።
ዝም ብዬ ዘንጉን ሰጠኋት። ወርዳ ውሃው ውስጥ ሰደደች።
ከአምናው በአንድ ስንዝር ያንሳል።
መዝገቡን ከፈትሁላት፤ ቀኑን፣ ክንዱን፣ ስንዝሩን ጻፈች፣
ከቁጥሩ ግራና ቀኝ ግን
ትንሽ ባዶ ቦታ ተወች።