ሣልስት

ሳስካቱን፥ ጥር፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፥ መኪናዬ እምቢ ስትለኝ
ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ደረስኩ፤
ጉም የያዘ መነጽሬን ጠረግኩ፥ ጓንቴን ደራርቤ ለበስኩ።

በሮዝ ፈሳሽ ውስጥ እንደ ደብዳቤ ታጥፎ
ይጠብቀኛል፥ «አራት መቶ ሰባት» ተለጥፎ።
ስሙ አይደለም። ስም መጠየቅ በደንብ ተከልክሏል፤
ወንድ፥ ሃምሳ ሁለት ዓመት፥ ከጀርባው ተገፍፏል።

ስዘረጋው ግን ደንቡን ሳይሰማ ያወራል፤
ከትከሻው ቁልቁል ነጭ መስመር ወርዷል።
ካናቴራ ለብሶ ጣሪያ ሲመታ የዋለ፥
ፀሐይ ያጠየመችው፥ ማንገቻው የከለለ።
የዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ አያውቅም። ውጭ ወንዙ ድንጋይ፤
እጄ ላይ፥ መዳፍ የምታህል፥ የአምና ፀሐይ።

ስድስት ክብ እቆርጣለሁ፥ እያንዳንዱ ምስር ያህላል፤
ቢጫ ቀለም እጨምራለሁ። የቀረውን ጊዜ ይሠራዋል።
የሞተ ቢጫውን እንደ ቢጫ ይተወዋል፤
ነፍስ ያለው ይበላዋል፥ ወይን ጠጅ ያደርገዋል።
አንዱን አስቀድሜ በፍል ውሃ ገደልኩት፥ ለማወዳደሪያ።
ሰው ሁለቴ አይሞትም ያለ
ይህን ሥራ አላየም።

ስልክ። አራተኛ ፎቅ፥ ነርስ ማርሊስ ናት፤
«ቆዳው ደኅና ነው?» ልጁን ሲነጋ ሊያስገቡት።
ጎተራ ውስጥ የስንዴ ብናኝ እንደ ባሩድ ጋየበት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደረቱን እሳት ላጠበት።
የራሱ እስኪበቅል፥ ሦስት ሳምንት፥ ውሰት ነው የሚለምን።
«አላውቅም፤ ገና እየበላ ነው» አልኳት።
ማን፥ ምን ብላ አልጠየቀችም፤ እኔም አላብራራሁ፤
ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ግን እኔው ፈራሁ።

ማክሰኞ ነው የሞተው። ዛሬ ሐሙስ፥ ሣልስቱ ነው፤
የትም ይሁን ቤቱ፥ ማንም ይሁን የሚያለቅሰው።
እኛ ዘንድ ለሞተ፥ ቋሚ ነው የሚበላለት፤
እሱ ግን እዚህ፥ በብልቃጥ ቤት፥
ስኳር ቀርቦለት፥ አየር ተቀድቶለት፥
የራሱን ተዝካር ራሱ ይበላል፤ ሌላ ሳይደርስበት።

ሦስት ሰዓት። መስኮቱ ነጣ። ክዳኑን አነሳሁ፤
እንደ ፈራሁት ሳይሆን፥ እንደ ተመኘሁ።
አንዱ ቢጫ፥ እኔ የገደልኩት።
አምስቱ እንደ በሰለ እንጆሪ፥ ጠርዛቸው ድረስ ጠቁረው፤
ማሽኑም ከመቶ ስልሳ አንድ አለ። ወሰኑ ሃምሳ ነው።

ቅጹ ላይ ስንት እንደበላ የሚሞላ ሳጥን አለ፤
ማን እንደበላ ግን፥ ማንም የሚጽፍበት ቦታ አልተከለለ።
የማክሰኞው ሐኪም አልፏል ያለውን ሰው፥
ሐሙስ ንጋት፥ እኔ፥ በእርሳስ፥ አልፏል አልኩት።

ስልኩ ጮኸ።
«አለፈ?»
«አለፈ» አልኳት።