አልተጫነም

ስምንት ሰዓት፤ ታይዋን ገበያ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ማራገቢያው ሙቀትን ለሙቀት ሲያሻግር፣
ጋሽ ሮብሌ መጡ፤
በፌስታል ላፕቶፕ፣ በኪስ አንድ ፍላሽ፣ ያለ ብዙ ነገር።

ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ዕቃ ቤት
የብሎኑን፣ የፍሬኑን ጫማ፣ የገባ የወጣበት
መዝግበዋል። መዝገቡ ግን
ከአሮጌ ዊንዶውስ በቀር ፊቱን ለማንም አይገልጥ፤
የልጅ ልጃቸው ደግሞ ማሽኑን ሊኑክስ አድርጎባቸው
ጅቡቲ ገብቷል።

«ኢፍቱ፣ እስቲ አቦ፣ ይህን ነገር አስነሺልኝ።»

«ቀላል ነው» አልኩ አፌን ሞልቼ፤
«ቤት ውስጥ ቤት እንሠራለን።
በሊኑክሱ ሆድ ለዊንዶውስ አንዲት ክፍል።
ይሄኛው ባለቤት፣ ያኛው እንግዳ፤
እንግዳው ግን እንግዳነቱን አያውቅም፣
ማሽኑ ሁሉ የሱ ይመስለዋል።»
«የኔን ተከራይ ነው የምትነግሪኝ» አሉ።

ትዕዛዙን ጻፍኩ። መውረድ ጀመረ።
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ላይ መብራት ሄደ።
የስልኬን ዳታ ሰጠሁት፣
የሳምንት ጥቅሌን በአንድ ጉርሻ ጨረሰ።
ከዚያ ያቺ ቀይ መስመር፦
የከርነሉ ሞጁል አልተጫነም።

አራገፍኩ፣ ደግሜ ጫንኩ። አልተጫነም።
ከነሥሩ ነቅዬ ሌላ እትም ተከልኩ። አልተጫነም።
አጥፍቼ አበራሁ፣ የሙያችን ጸበል። አልተጫነም።
ባዮስ ገባሁ፤ ቨርቹዋላይዜሽኑ ተዘግቶ አገኘሁት፣
«ይኸውልህ!» ብዬ ከፈትኩት፣
ማሽኑ ተነሳ፣ ተስፋዬም አብሮ፣
አልተጫነም።

ላቤ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ።
ጋሽ ሮብሌ ወንበር ሳቡ።
«ምኑ ነው የማይጫነው?»
«ሞጁሉ።»
«በምን ላይ?»
«በከርነሉ።»
«የጭነቱንስ ነገር ለኔ ተዪው» አሉ፣ መነጽራቸውን እያበሱ።

«የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣
የአዲሱ ይበልጣል፣ አይተሽው የለ?
የድሮውን ፉርጎ እዚያ ብታቆሚው
ፉርጎው አልተሰበረ፣ ሐዲዱ አልጎደለ፣
ሁለቱም ደህና ነው፣ መግጠሙ ነው የሌለ።
ምናልባት ማታ ሐዲዱን ቀይረውብሽ ይሆናል።»

እጄ ቆመ።
ማታ። ራሱን ያድስ ብዬ ትቼው የተኛሁት እኔው ነኝ።
የከርነሉን ቁጥር ጠየቅኩ፦ አዲስ።
የሄደሩን ጠየቅኩ፦ የቆየ።
ከነጥብ ቀጥላ አንዲት አሃዝ፣
ከሰዓቴን ሙሉ የበላች።

ከመሐዲ ሱቅ ዋይፋይ ለምኜ ልኩን ሄደር አመጣሁ፣
ሞጁሉ በልኩ ተሰፋ።
በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ፦ ፊርማ የለውም፣ አይገባም!
(ከቀበሌ የባሰ።)
ቁልፍ ፈጥሬ ፈረምኩለት፣ ማኅተም መታሁለት፣
አስነሳሁ፣ በሰማያዊው ገጽ ማለፊያውን ሰጠሁ፤
ተጫነ።

መግሪብ አዛን ሲል እንግዳው ዓይኑን ገለጠ።
ጋሽ ሮብሌ ፍለጋቸውን ያውቁታል፤
ብሎኑን አለፉ፣ ፍሬኑን አለፉ፣ አንድ ረድፍ ላይ ቆሙ፦
የሃያ ሁለት መፍቻ፣ አንድ። ተረካቢ፦ ዋቅቶላ። አልተመለሰም።

«ከደመወዙ ቆርጠንበታል» አሉ።
ዝም አሉ።
«ባለፈው ሳምንት የኔ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት።
እሱ አሁን የለም።»

ምን ይባላል? እኔ የማውቀው ሙያዬን ነው፤
«ከማረምዎ በፊት ያለበትን ሁኔታ ላስቀምጠው፣
ካልተመቸዎት በአንድ ጠቅታ ወደኋላ እንመለሳለን።»
«ወደኋላ?»
ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።
«ተዪው። መመለሻ አታስቀምጪ።»

«ዋቅቶላ»ን ፊደል በፊደል አጠፉና
በአንዲት ጣት፣ ኪቦርዱን እንደ ጨለማ ቤት እየዳበሱ፣
ሮ
ብ
የት ነው ያለችው «ሌ»?