ናሙና ቁጥር ፻፲፯

ይማም ደንገል ሲያስር፣ ከሽምብጥ በታች፣
ዶክተር እንጉዳይ ጫማዋን ጭቃ አስነክሳ መጣች።
"ጥቂት ደም ነው" አለች፣ "የጣት ቁመት የማይሞላ፣
ዘርህን ላነበው..."
                ቃሏን ሳትጨርስ ዞረ ወደ ኋላ።

"ዘር" ብላ ጀመረች! እዚህ ዳር!
ስንት ዘር ቆጣሪ አይቷል ይህ ሰፈር፤
ሰባት ቤት ቆጥሮ ልጁን የሚከለክል፣
ሰባት ቤት ቆጥሮ ከማዕድ የሚነጥል፣
የዓሣውን ዋጋ መሬት ጥሎ፣ እጅ እንዳይነካ የሚያገል።

እኔ መርፌ ያዥ ነኝ፤ ዝም አልኩ። እሷ ግን ቆይታ፦
"ማን እንደ ወለደህ አልጠየቅኩም። አርባ ዓመት፣ ጠዋት ማታ፣
ከወገብህ ውኃ ገብተህ፣ ትሉ ሌላውን ሲጥል፣ ጉበት አደንድኖ፣
አንተን ለምን ማረህ? ደምህ ምን አውቆ? ምን ሆኖ?"

ይማም ሳቀ። ክንዱን ዘረጋ።
"ሐይቁን ጠይቂው፤ እኔማ ምን አውቄ። ውሰጂ ግን፣ ሳይረጋ።"

ቱቦው ላይ ጻፍኩ፦ ፻፲፯።
ስም አይጻፍም። ሕግ ነው።

*

ነሐሴ ላይ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨረሰ።
ከዜሮ በታች ሰማንያ የነበረው ወደ ሰባ ገሠገሠ፤
ስልሳ አንድ... ሃምሳ አራት...
ከተማው ሁሉ ሰልፍ ነው፤ ነዳጅ ማን ይስጣት?
እንጉዳይ መዳፏን ማቀዝቀዣው በር ላይ አሳርፋ፣
ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ቆመች፣ ወንበሩን ገፍታ፣ እንቅልፏን ገፍታ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከግቢው በር ማዶ፣
አንድ ሰው በጀሪካን ጎብጦ፣ ዝናብ እላዩ ወርዶ።
"ማነህ?" አለ ዘበኛው፣ አያ ተገኝ።
"ይማም ነኝ። እዚህ ቤት ደም አለኝ።"

ጠመንጃው ተነሣ። ማን ይፈርድበታል?
በእኛ አገር "ደም አለኝ" ያለ ሊገድል መጥቷል።

የጀልባ ናፍጣ ነበር፤ ሃያ ሊትር፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት።
ማሽኑ አጓራ፤ ቁጥሩ ወረደ፤ እኔም ከቱቦዎቹ ጀርባ አለቀስኩ፣ ያለ ምክንያት።

*

ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ቆጥረን ለተማርን፣
ደም የተጻፈው በአራት ብቻ ነው ሲሉን፣ ያኔ ሳቅን።
ማሽኑ ግን አነበበ፤ ሳምንት በሳምንት፣ ሌሊት ሳይቀር፤
እሷም በእርሳስ ትከተላለች፣ ከንፈሯ እየተነቃነቀ፣ ዳዊት እንደሚደግም መምህር።

በሦስተኛው ዓመት ጽሑፉ ወጣ።
አራት መቶ ጊዜ ተጠቀሰ፤ ከየአገሩ ደብዳቤ መጣ።
ባላየነው ከተማ፣ ክትባት የሚቀምም አንድ ቤት፣
ከይማም ደም ያነበብናትን ፊደል መነሻው አደረጋት።
አዳራሹ አጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰላት፤
እሷ ግን ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ባጃጅ ተሳፈረች። ተከተልኳት።

ይማም ወረቀቱን ዘቅዝቆ ያዘ፤ ሥዕሉን በጣቱ ተከተለ።
"ስሜ የቱ ጋ ነው?" አለ።
አቀረቀረች።
"ይቺ ነጥብ... ከሌሎቹ ርቃ፣ ከታች፣ ብቻዋን የቀረች።"
"ብቻዋን?" አየት አደረጋት። "እንደ ቤቴ ናታ፣ ከመንደሩ ጫፍ።
ግድ የለም፤ ስሜ በቀበሌ መዝገብም የለ፣ እንኳን በመጽሐፍ።"

ቀጥሎ የጠየቀው እስካሁን ያቃጭልብኛል፦
"ታዲያ ሐይቁስ? ሐይቁ ድኗል?"

መልስ የላትም። እምቦጩ ዳሩን ውጦ፣ ቀንድ አውጣው ከሥሩ ተለጥፎ፤
በዓመት አንዴ ኪኒን ይታደላል አሁን፣ ከሾላው ሥር ሕፃን ተሰልፎ፤
"ያንቺ ሥራ ነው" ይሏታል፤
እሷ "ገና ነው" ትላለች፤ ድምጿ ያንሳል።

ያን ጊዜ ያንዱን ጨቅላ ኳስ ውኃ ወሰደበት።
እንጉዳይ ጫማዋን አወለቀች፣ ልትገባበት።
ይማም ክንዷን ያዘ፤ ሳንቲም ጥለው በሚሸሹት፣ በዚያው እጁ፤
ዳር ቆሞ ያለቅሳል ልጁ።
"ተይ" አለ፣ ሱሪውን እየጠቀለለ፣ "ለኳስ እኔ አላንስም፤
ያንቺ ደም ይህን ውኃ አያውቀውም።"