ሁለተኛ ማዕረግ

ቅዳሜ ከሰዓት ፍል ውሃ ግቢ ውስጥ፣
ሳሙና በፌስታል፣ ፎጣ ክንድ ላይ ጥለን አግዳሚ ስንቀመጥ፣
ከጉርሙ በስተቀኝ ነው ሁልጊዜ ቦታዬ፤
በግራው አይሰማም፣ ባክኖ ይቀራል ወሬዬ።
ጆሮውን የወሰደው ጉድጓድ ነው፣ አሉቶ፣
ሁለት ሺህ ሜትር ታች ታፍኖ የኖረው እንፋሎት ተፈቶ
የወጣ ዕለት።
«ድምፅ አይደለም» ይላል፣ «ድምፅማ ይሰማል፤
ያ ግን ደረት ገብቶ አጥንት ያንቀጠቅጣል።»

«ሠላሳ አንድ! ሁለተኛ ማዕረግ!»
ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ቧንቧውን ከፍታ
«ሃያ ደቂቃ!» አለች፣ በሩን በጣቷ መትታ።

እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት
ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ውሻ እያባረረኝ፣ በየሰው አጥር ጥግ ቆሜ ስመለከት
የምትሽከረከር ቀጭን የብረት ሳህን፤
እሷን ሳነብ ነው የጨረስኩት ጉልምስናዬን።
ከዚያ ካርድ መጣ፤ ሰው በስልኩ ሞላ፤
የኔ ደብተር ቀረ፣ ቁጥሩ ከነቀለሙ፣ ከመሳቢያ ኋላ።

ውሃው ይንዶቀዶቃል፣ ግድግዳው ያልበዋል፤
ጉርሙ እንደ ግመል ጉልበቱን አጥፎ ገንዳው ውስጥ ይገባል።
«ንገረኝ እስቲ» አልኩት፣ «ያንን የምታወጡትን፣
ጉም የመሰለውን ነገር አምፖል የምታደርጉትን።»
ሳቀ። ጣቱን ውሃው ላይ እያዞረ፣
እንደ መሐንዲስ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ሐሜት ሊነግረኝ ጀመረ፦

«መጀመሪያ ዝናብ ነው። ከተራራ ወርዶ፣
በስንጥቅ ሰርጎ፣ ስንት ዘመን ተጉዞ፣ ከትኩስ ድንጋይ ጋር ተዛምዶ።
እዚያ ታች ይግላል፤ መፍላት ግን አይችልም፣
ምድር ተጭናበት፤ መተንፈሻ የለውም።
እኛ ብረት ሰደን ቀዳዳ ስንሰጠው
ይወጣል ነው የምልህ! ማን ይመልሰው?
ውሃውን ለብቻ፣ እንፋሎቱን ለብቻ እንለየዋለን፤
ደረቁ ነው ገፍቶ ተርባይኑን የሚያዞርልን።
ይዞራል። ይዞራል። በቃ።
ሌላው ሁሉ ሽቦ ነው።
ውሃውን ደግሞ መልሰን እንሰዳለን ወደ ጉድጓዱ፣
ብድር ነውና። ካልከፈልካት ምድር ታደርቅብሃለች፤ አያሳስቅም ጉዱ።»

እኔ ሳህኔን አሰብኩ። የሱ እዚያ ሲዞር፣
የኔም ሰው አጥር ላይ ትዞር ነበር፤ ሳንተዋወቅ፣ በአንድ ጉልበት፣ በአንድ ክር።

ይህን ሳስብ ጠፋ።
መብራቱ።
ኮሪደሩ ላይ «ኧረ!» ተባለ፤ አንዱ በር ገፋ።
አንዲት እናት ከወዲያ «ሳሙና ዓይኑ ገብቷል!» አለች፤
ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ በስልኳ ብርሃን እየሮጠች
በየበሩ ሥር አለፈች፣ ነጭ መስመር እያሰመረች።

ውሃው ግን አልቀዘቀዘም።
ካርድ አያውቅም፣ ወረፋ አያውቅም፣ አልተቋረጠም።
ይህ ከተማ በዚህ ውሃ ዳር ነው ድንኳን የተከለው ይባላል፤
ዛሬ ሊፍቱ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ላይ ቆሟል፣
ከስታዲየም በኩል ጄኔሬተር ያስላል፣ ናፍጣ ይሸታል፤
ከሥራችን ደግሞ እሳቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ይሠራል።

«ይህስ? የገንዳችን ውሃ? እሱስ መብራት አይሆንም?»
መልስ የለም። በግራው በኩል ኖሬያለሁ፤ በጨለማው አላወቅሁም።
ዞሬ ጮህኩ።
«ይሄማ» አለ፣ «የዚያኛው የአጎት ልጅ ነው፣ ከተማ ገብቶ የለዘበ፤
ተርባይን አይገፋም። ወገብ ያቃና፣ ይበቃዋል፤ ሰው ካጠበ።»

ከዚያ ግቢው በሙሉ «መጣ!» አለ፤
ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ የሕፃን ሳቅ ተከተለ።
ጉርሙ አልሰማም። አንገቱ ድረስ ሰጥሟል።
አምፖሏን ግን አያት፦ ባለ አርባ ሻማ፣ የዝንብ ኩስ ነጠብጣብ ሞልቷታል።
«ከየት ይሆን የመጣው?» አለኝ፣ የማውቅ መስሎት፤
ቆጣሪ ስንትነቱን እንጂ የማንነቱን አይጽፍለት።
የወንዙም፣ የነፋሱም፣ የጉድጓዱም፣
አንድ ሽቦ ከገቡ በኋላ በስም አይጠሩም።

ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ ብዬ፣
«ከአርባው ሻማ» አልኩት፣ «አንዷ ያንተ ናት።»
«ዋሾ» አለ።
ግን እጁን ከውሃው አወጣ፤ እሳት እንደሚሞቅ ሰው
ወደ አምፖሏ ዘረጋው።

በሩ ተንኳኳ። ሃያ ደቂቃ።
የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም አልኩ።