እግሩ የት ነበረ?

መሬይ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ፤ አሮጌ የእንጨት ድልድይ፣
በዚህ ማዶ አንድ ክፍለ ሀገር፣ በዚያ ማዶ ሌላ ሰማይ።
ሰማዩስ ያው ነው እንግዲህ፤ የሚለየው ሕጉ ብቻ፣
በዚህ ዳር ክስ የሚያስነሳው፣ በዚያ ዳር ነው መጫወቻ።

ወሰኑ ደግሞ ውሃው መሐል እንዳይመስላችሁ የተሰመረ፤
ከእኛው ዳርቻ ነው፣ ከአፋፉ ጫፍ የጀመረ።
ወንዙ በሙሉ የእነሱ ነው፤ ለእኛ የደረሰን ጭቃ፤
ጥንት አንድ ሹም ካርታ ሲያሰምር፣ ከእንቅልፉ በቅጡ ሳይነቃ።

ዳሪል ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞቅ ይመጣል፤
ድምፅ ማጉያውን አንግቶ ከድልድዩ ላይ ይወጣል።
ጫማው አርባ አራት ቁጥር ነው። በኖራ መስመር አስምሯል፤
ከመስመሩ ወዲያ ቆሞ፣ ወዲህ ወዲህ ይናገራል።
ስለ ቄራው ሠራተኞች፣ ስለ መጤዎቹ ሃዛራ፣
ያን ቃል ይለዋል። ደግሞ ያን ቃል።
ባሕር ዛፉ ላይ ያለ ነጭ በቀቀን ብር ይላል በጭፍራ።

ፖሊሷ ከወዲህ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤
"አንድ እርምጃ ብቻ፣ ዳሪል፤ አንድ እርምጃ" ትላለች።
ይስቃል። አይራመድም። ሕጉን ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤
ከአፍ የወጣው ግን አፋፉን መች ቆሞ ይጠይቃል?

በጥቅምት ወንዙ ሞላ።
ሲጎድል ዳሩ ተንዷል፤
ኖራው ታጥቧል፤ አፋፉ ሁለት ክንድ ወደ እኛ ሄዷል።
ዳሪልም ተከትሎ ሄዷል።
እናስ፣ ያን ቅዳሜ የቆመው የቱ ክፍለ ሀገር ላይ ነው?
ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። የክሱ ጭብጥ ይኸው ነው።

እኔ የችሎት ጸሐፊ ነኝ። የተባለ ሁሉ ይጻፋል፤
ሳል ይጻፋል። ዝምታም በራሱ መስመር ይሰፍራል።
ቀያሹ ሦስት ቀን ሙሉ በገመድ በመነጽር፣
ስለ ዳሪል ግራ እግር፣ ስለ ተረከዙ ሲመሰክር፣
ያን ቃል ዐቃቤ ሕግ አለው፤ ጠበቃዋም ደገመችው፤
ዳኛው ፊደሉን አረመ፤ ጣቴ መልሳ ጻፈችው።
ቆጠርኩ፦ አርባ አንድ ጊዜ። ድልድዩ ላይ ዘጠኝ ነበር።
በእኔው እጅ መዝገብ ቤት ገባ፣ በማኅተም ሊከበር።

ጠበቃዋ ኢሞጅን ጎበዝ ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም፦
"ለዳሪል የተሠራ ልጓም ለሌላ አፍ አይጠብም፤
ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ዛሬ ማንም አያውቅም።"
እውነቷን ነው፣ አልኩ በልቤ።
ጻፍኩ።

ማሱማ ተጠራች። ቄራ ውስጥ አጥንት ትለያለች፤
እጇ ላይ የቢላ ጠባሳ፤ እሱን እሱን ታያለች።
"አፉ ይዘጋ ነው የምትዪው?" አለቻት ኢሞጅን።
ዝምታ። ጻፍኩት። ረጅም ነበር፤ የግድግዳ ሰዓቱን ሰማን።

"አባቴ አታሚ ነበር። አንድ ወረቀት መጣና ማሽኑ ታሸገ።
ወንድሜን ግን ወረቀት አልገደለውም፤
ቃል ነው፤ በየደጁ ሲባል ሲባል ያደገ።
ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።
ሦስት ቀን እግሩ የት ነበረ አላችሁ፤
ጆሮዬ የት እንደነበረ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።"

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ብይኑን ለመጋቢት ቀጠረ።
ዳሪል ሲወጣ ለልማዱ ጫማውን ጎንበስ ብሎ አሠረ።

ማታ መዝገቡን ሳስተካክል፣ እሷ ያለችው ጋ ስደርስ፣
በቀይ ተሰርዞ አገኘሁት፤ ከጎኑ፦ "ከጭብጡ ውጭ። አይጠቀስ።"
መስመሩ ቀጭን ነው። ከሥሩ ያለው ፊደል ይነበባል፤
እንደ ካርታው ወሰን፤ ከላይ ቀለም፣
ከሥር ግን ውሃው ይሄዳል።