መጨረሻ የሚበራ

መሐል ሜዳ ገባን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ፤
ፀሐይ አለች፣ ብርድ አለ፣ ባንድ የጥር ሰማይ።
ጋሽ ደምሰው ከአይሱዙው አራቱን ስፒከር
በመንዝ ዝተት ጠቅልሎ፣ ሸብ አርጎ በክር፣
እንደ ታመመ ሰው ደግፎ አወረደ፤
እሱ ግን በአንድ ሹራብ፣ ከንፈሩ በውርጭ ነደደ።
"ቀስ በይ" ይለኛል፣ "ቀስ፤ ሲያዩት ግንድ ያህላል፤
ሆዱ ግን ወረቀት ነው፣ ባንድ ጩኸት ያልቃል።"

ኬብሉን ዘረጋሁ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር።
"አንዱ ሲገፋ ሌላው ቢስብ፣ ባሱ መሐል መንገድ ይቀር፤
ባልና ሚስት እንደተጣሉበት ቤት፣
ቃል ይበዛል እንጂ ፍሬ የለበት።"

ከዚያ፣ ፕላስተሩን በጥርሱ እየቀደደ፣ "እንቆቅልሽ" ይላል።
"ምን አውቅልሽ።"
"መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል።"
አገር አልሰጥም እኔ፣ ለምጄዋለሁ ጥያቄ፤
"አምፑ ነዋ!" እላለሁ፣ ከመድረኩ ሥር ተደብቄ።

ሚክሰሩ ይቅደም፣ ኪቦርዱ፣ ማይኩ ይከተል፤
አምፑ ግን ሁሉም ተቀምጦ ሲያበቃ፣ ድምፁም ዜሮ ላይ ሲውል።
ሲመሽ ግን እሱ ይሰናበት፣ ከሁሉም ቀድሞ፤
የሚነቀል ገመድ ጥፊ እንዳያገኘው ቆሞ።

ይኼን የተማረው ሞላሌ ነው፣ ሰርግ ላይ፣ ድሮ፤
ሙሽሮች በር ደርሰው፣ ሚዜው "ቶሎ" እያለ አሳርሮ፣
ሁሉን ባንድ ማከፋፈያ ሰክቶ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ።
ጧ።
የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ዝም ሆነ።
ሙሽሮቹ ገቡ፣ በሰው ጉሮሮ፣ በባዶ እጅ ጭብጨባ፤
ከሁለቱ ሣጥን አንዱ ለቁራሌው ተሸጠ፣ አንዱ ቤቱ ገባ።
ዛሬ ዶሮ ትታቀፍበታለች።
"በመንዝ" ይላል፣ "ከኔ ዶሮ ቤት የሚወደድ የለም።"

አመሻሽ ላይ "አንድ… ሁለት…" አልኩ በማይኩ፤
"ሦስት!" አሉ ልጆች፣ የመስኮቱን ብረት እየነካኩ።
ዞር ስል ፉጨቱ ጆሮ ሰነጠቀ፤
"ማይክና ስፒከርን ፊት ለፊት አታገናኚ" አለና በእጁ አራቀ።

ማታ አዳራሹ ሞላ፤ ገቢው ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ።
የኪቦርዱ ልጅ ይርዳው፣ ሳይጠይቅ ድምፁን ገፋ፤
ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ብልጭ፣ ከዚያ በርታ ቀረች ሳትጠፋ።
"ቀይ ማለት 'በቃኝ' ነው፤ ዕቃ ሌላ ቋንቋ የለው"
አለና ጋሽ ደምሰው፣ በሁለት ጣቱ ቀነሰው።
ከፊት ወንበር ግን አንድ ባለ ከረባት በእጁ፦ "ጨምር! ጨምር!"
"እሺ ጌታዬ" አለ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በክብር።
ለዚሁ ያኖራት፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘች አንዲት ቁልፍ አለችው፤
እሷን አዞረ፣ ቀስ እያለ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።
ሰውዬው አውራ ጣቱን አነሣ፦ "አሁን ገና ገባ ከጆሮ!"

ሦስት ሰዓት ላይ ናፍጣው አለቀ። ድቅድቅ።
ጋሽ ደምሰው ውጭ ነው፣ ብርዱ ሽንቱን አምጥቶበት።
ሰው ያፏጫል። ከበሮው ብቻውን ሁለት ጊዜ መታ፣ ተወ።
በጨለማው ዳበስኩ፤ የሞቀ ብረት፣ አቧራ፣ ቀጥሎ ማብሪያዋ።
ቀጭ።
እየሮጠ መጣ፣ ቀበቶው ሳይታሰር፦ "አምፑስ?"
"ጠፍቷል።"
ሌላ ቃል አልወጣውም።
ጄኔሬተሩ አስሎ፣ አስሎ ተነሣ፤
መብራት መጣ፣ ስፒከሮቹ ግን ጭጭ።
ሚክሰሩን አየሁ፤ ኪቦርዱን፤ ማይኩን። ከዚያ እሱን።
በአገጩ አመለከተኝ። አበራሁት።

ሌሊት፣ በታርማ በር ጉም ውስጥ፣ ጋቢና ተጣበን፣
"እንቆቅልሽ" አለ።
ደክሞኛል። ጥያቄውን ሳይጨርስ አገር ሰጠሁት፦
"ሞላሌን ውሰድ።"
ዝም አለ። የዝናብ መጥረጊያው ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ።
"ሞላሌ ገብቼ፣ ምን አጥቼ…
ሁለት ስፒከር አጥቼ!"
እስኪያስለው ሳቀ፤ ሾፌሩ ምን ነካችሁ አለ።
ከኋላ አራቱ፣ በዝተታቸው ውስጥ፣ አልሰሙም።