በሁለት ብ

"ስም?" አለችኝ ጸሐፊዋ፣ ላይፕዚግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ጃኬቴ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ወረፋው አያልቅ።
ስሜን አውቀዋለሁ፤
ጀርመንኛውንም ቢሆን ሁለት ክረምት ተምሬዋለሁ፤
ግን በሳድስ ነው የሚጀምር፣
ምርኩዝ በሌለው ፊደል፣ ከንፈር ገጥሞ በሚቀር።
ብ…
ብ…
የግድግዳው ሰዓት ቀደመኝ።

መጀመሪያ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ የደነቆርኩ መስሏት፤
ቀጥላ ቃሉን ቆራረሰችልኝ፣ ጥርስ ያላበቀልኩ መስሏት፤
ኋላ አስተርጓሚ ጠራች፣ ቋንቋ የቸገረኝ መስሏት።

አቶ ይልቃል ቸኩሏል፤ የሚይዘው ባቡር አለ።
"አይዞህ ወንድሜ፣ አትፍራ" አለ።
ማን ፈራ?
"ባ—" ስል "ባሕር" አለልኝ፣
"ወ—" ስል "ወህኒ" አለልኝ።
ባልንጀራዬ ልል ነበር እኮ! ወፍጮ ቤት ልል ነበር!
ያልተሻገርኩት ባሕር፣ ያልታሰርኩበት ወህኒ
ማኅተም ተመታበት፣ የኔ ሆኖ ቀረ።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ "ቀን ሲጠራ ያመነታል።"
እዚህ ዝምታም ሚዛን ላይ ይወጣል፤
የኔው ሲወርድ ውሸት ይባላል።
ይግባኝ አልኩ፣ በጽሑፍ።
እስክሪብቶ አይንተባተብም።

ዳቦ ቤትም ያው ነው። ጥቁሩን ዳቦ ነው የምወድ፤
ስሙ ግን በ"ሮ" ይጀምራል፣ ጉሮሮዬ ላይ የሚገመድ።
በጣቴ እንዳልጠቁም ኩራት ይዞኝ
አራት ዓመት የበላሁት
አፌ የፈቀደልኝን ነው፦
ነጭ፣ ቀላል፣ ሳይመሽ የሚያስርብ።

ስለ ስሜ ነበር የጀመርኩት።
ያቺ ጸሐፊ መታወቂያዬ ላይ "ብብስራት" ብላኛለች።
ላሳርም ሄጄ ነበር አንድ ሰኞ፤
በትራም ውስጥ ስለማመድ፣ ከንፈሬን ሳላውስ፣
አንዲት እንከን ሳይኖራት ዓረፍተ ነገሬ፤
መስኮቱ ጋ ስደርስ
"ምን ልርዳህ?" ስትለኝ
እዚያው ታተመ አፌ።
ፈገግ ብዬ ተመለስኩ። እሷም ፈገግ አለች።

አሁን የመብራት ሒሳብ፣ የቤተ መጻሕፍት ቅጣት፣
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣
ሁሉም በሁለት ብ ይመጣል።
ፖስተኛው ጠርቶኝ ያውቃል በደረጃው ሙሉ ድምፅ፣
ሳይደናቀፍ፦ "ብብስራት!"

ሰው ሁሉ ያሰበውን ጻፈብኝ።
አቶ ይልቃል ባሕር፣ ዳኛው ውሸት፤
አባቴ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
"ብስራት" ሲለኝ የተመኘውን ነው።
ያቺ ሴትዮ ብቻ፣
ደንቆሮ ነው ያለችኝ፣
የሰማችውን ጻፈች።